ጎጀብን የተሻገሩ መንገዶች

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው ሸቤን አለፍ እንዳለ ጆሮው ይደፈናል። አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ አየሩ ይሞቃል፤ የደጋው ልምላሜ ቀርቶ ግራርና ረጅም ሣር ይተካል። ከሸለቆው ግርጌ ጎጀብ ይፈሳል። ሾፌሩ ድልድዩን በአፍታ ያቋርጠዋል፤ ከተሳፋሪው ብዙው እንቅልፍ ላይ ስለሚሆን ወንዙን ማለፉን እንኳ ልብ አይልም። ከዚያ በኋላ ሽቅብ ነው። ጊምቦ ሲቃረብ ጭጋግ ይወርዳል፤ መስኮት ይዘጋል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙት ትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፋቸው ሽበት አንጠልጥሎ ይታያል።

ድልድዩ አጠገብ ቆሞ የሚያልፈውን ለሚመለከት ሰው የአገሩ ኑሮ በጭነት መልክ ይገለጥለታል። ከቦንጋ በኩል ቡና የጫነ አይሱዙ ሸራውን አጥብቆ ይመጣል። ከዉሽዉሽ የተነሣ ሻይ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የታሰረ የማር ጀሪካን፣ ጣውላ፣ ሙዝ ይከተላል። ከጅማ በኩል የሚገባው ደግሞ ሲሚንቶ፣ የግንባታ ብረት፣ የነዳጅ ቦቴ፣ ቢራ ነው። በአውቶቡሶቹ ውስጥም አካፋና ብርድ ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው የያዙ ወጣቶች አይጠፉም። ቦንጋ ወርደው አያድሩም። ሚዛን ከተማን አልፈው፣ ከበበቃ የቡና እርሻ ባሻገር ወደ ዲማ፣ ወደ አኮቦ ወንዝ ነው የሚሄዱት፤ ወርቅ ፍለጋ።

ቦንጋ የምትገኝበትን ካፋን ከውጭው ዓለም ያገናኙት አውራ መንገዶች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። መነሻቸው ሌላ ቦታ ነው፤ የተቆረጡትም ከካፋ የሚወጣ ወይም ከካፋ ባሻገር ያለ ነገር ተፈልጎ ነው። አንዴ ግብር፣ አንዴ ጦር፣ አንዴ ቡና፣ አሁን ደግሞ ወርቅ። የአገሬው ሰው ከቀበሌው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከማሳው ወደ ቡና መፈልፈያ የሚሄድበት መንገድ ግን በየዘመኑ ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህን ቅሬታ ለማሰማት ብቻ አላነሣሁትም። አሁን መንገድ ለማን እንደሚሠራ የመወሰኛው ጊዜ ላይ ያለን ይመስለኛል።

የካፋ ነገሥታት በመንገድ ጉዳይ ጥንቁቆች ነበሩ። ታቶ እየተባለ የሚጠራው ንጉሥ አንደራቻ ላይ ሲቀመጥ ቦንጋ የነጋዴ ከተማ ነበረች። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ማር፣ ባሪያም ጭምር፣ ከዚያ ተነሥቶ በጅማ በኩል እስከ ጎጃሙ የባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ንግዱ ይፈለጋል፤ ነጋዴው ግን እንደ ልቡ አይዘዋወርም። ድንበሩ በጥልቅ ቦይና በአጥር ተከብቦ፣ መግቢያው በኬላ ይጠበቅ ነበር። ከኬላ ጠባቂዎቹ ብዙዎቹ የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ዛሬ ድረስ በማኅበራዊ ኑሮ መገለል የሚደርስባቸው ማንጆዎች በዚያ ዘመን የአገሩን በር የጠበቁ ሰዎች መሆናቸውን ሳይጠቅሱ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ማሳያ ደግሞ በ1859 እ.ኤ.አ. ካፋ ሲገቡ ያገኙት ይህንኑ በኬላና በወንዝ የተዘጋ አገር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ግን ጎጀብ ነበር። ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል፤ ሸለቆው የወባ ነው፤ ማዶው ቀጥ ያለ ዳገትና ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። በ1889 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ሠራዊት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዛዥነት ሲዘምት፣ ደጃዝማች ተሰማ ናደው በሌላ በኩል፣ የጅማው አባ ጅፋር ጦርም በጎጀብ በኩል ተሰልፈዋል። አገሩን በአንድ ጊዜ ከብዙ አቅጣጫ መግባት ያስፈለገው አንዱን በር ሰብሮ መጨረስ ስለማይቻል ነው። ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ጫካ ለጫካ እየተዘዋወረ ለወራት ተከላከለ፤ የተያዘው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሸዋ ተወሰደ፤ አገሩንም ዳግመኛ አላየም።

በማግሥቱ፣ በ1898 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ የሩሲያው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከአንደራቻ ተነሥቶ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም ዛሬ ቱርካና ወደምንለው፣ ሲዘምት ያየውን መዝግቧል። ጦርነቱ አገሩን እንዴት ባዶ እንዳደረገው፣ በሣሩ ውስጥ ስለቀረው የሰው አጽም ጽፏል። ያ ዘመቻ በካፋ በኩል ያለፈ የመጀመሪያው ትልቅ የድንበር መንገድ ነበር ማለት ይቻላል። የተጠረበ ድንጋይ የለውም፤ በሺህ የሚቆጠር እግርና የበቅሎ ኮቴ የረገጠው መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ባለው የገባር ዘመን የአገሬው ሰው የመንገዱ ተጓዥ ብቻ ሳይሆን ተሸካሚም ሆነ። የመልከኛውን እህል፣ ማርና ቡና በትከሻው አወጣ። ብዙዎችም በባሪያ ንግድ በዚያው መንገድ ተነድተው ላይመለሱ ሄዱ። የካፋን የመንገድ ታሪክ ሲያወሱ ከአስፋልቱ የሚጀምሩ ሰዎች ይህን ዘመን ስለሚዘሉት፣ አንዳንድ ሽማግሌ ዛሬም አዲስ መንገድ ሲቀየስ ለምን በጥርጣሬ እንደሚያይ አይገባቸውም።

ጎጀብ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ ለአርበኛው መሰናክል ሆኗል። ራስ እምሩ ከጎሬ ተነሥተው ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ወደ ደቡብ ለማለፍ ሲጓዙ ጣሊያኖች መሻገሪያውን ቀድመው ያዙባቸው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከወንዙ ዳር እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ጣሊያንም ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። የጣሊያን ጦር በሞተርና በአውሮፕላን ሲንቀሳቀስ የራስ እምሩ ሰዎች በእግር ነበሩ። ያን ቀን የወሰነው መሻገሪያውን ማን ቀድሞ ደረሰበት የሚለው ነው።

ጣሊያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው መቀመጫ ሲያደርጉ በዓይናቸው ውስጥ የነበረው ቡናው ብቻ አልነበረም። ከወረራው በፊት፣ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ አልቤርቶ ፕራሶ የተባለ ጣሊያናዊ ወለጋ ዩብዶ ላይ ፕላቲነም አግኝቶ ማስቆፈር ጀምሮ ስለነበር፣ የምዕራብና የደቡብ ምዕራቡ መሬት ማዕድን የሞላበት ነው የሚለው ተስፋ ሮም ድረስ ተሰምቷል። ሙሶሊኒ አዲስ አበባ እንደተያዘች ካወጣቸው የመጀመሪያ ትእዛዞች አንዱ የመንገድ ትእዛዝ ነበር። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከፋሺስቱ የግንባታ ወጪ ትልቁን ድርሻ የበላውም መንገድ ነው፤ የአዲስ አበባ–ጅማ መስመር ከዚያ ይቆጠራል። ከዋናዎቹ መስመሮች ውጪ ያለው ግን ፒስታ ሆኖ ቀረ። የታለመው የማዕድን ሀብት ደግሞ ለወጪው የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። ቅኝ ገዢው በሰኔ 1933 ዓ.ም. ከጅማ ሲባረር መንገዱ ለእኛ ቀርቷል፤ ድልድዮቹ ግን ከፊሎቹ በራሱ በተሸናፊው ጦር ተሰብረው ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ በሰጠው የመጀመሪያ ብድር 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ተመደበ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ አሜሪካውያን መሐንዲሶችም አብረው መጡ። የብድሩ ስሌት ግልጽ ነው። ቡና ወደ ወደብ ካልወጣ ዶላር አይገባም፤ ዶላር ካልገባ ብድር አይከፈልም። ቅድሚያው ስለዚህ ወደ ቡና አገሮች ሆነ። ይህ ካፋን ጠቅሟል፤ አልክድም። ግን መስመሩ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር እንጂ ከጨታ ወደ ቦንጋ፣ ከቢጣ ወደ ጨና አልነበረም።

አሁን መንገዱን የሚስበው ወርቅ ለምን ከካፋ ባሻገር ሆነ? ቦንጋ የተቀመጠችበት ደጋ በጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ወፍራም ሽፋን የተለበደ ነው። ወርቅ የሚገኝበት እጅግ ጥንታዊው ዐለት ከሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ ብቅ የሚለው መሬቱ ወደ ቆላው ሲወርድ፣ ወደ አኮቦና ወደ ማጂ አካባቢ ነው። በዚያ የወርቅ ጭረት ያለበት ነጭ ኳርትዝ በዝናብና በወንዝ እየተፈረፈረ ከአሸዋው ጋር ይደባለቃል። ይህን የምድር አቀማመጥ በስፋት ያጠናው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካናዳ ድጋፍ የተካሄደው የኦሞ ወንዝ ጥናት ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤቱ የኢሉባቦርን፣ የከፋን፣ የገሙ ጎፋንና የሲዳሞን ክፍለ ሀገራት በከፊል ይሸፍናል። ዛሬ ፈቃድ ይዘው ወደ አካባቢው የሚገቡ ኩባንያዎች መነሻቸው እንዲህ ያለው ጥናት ነው። ዲማ አጠገብ ሰገሌ በተባለው ቦታ የሚሠራው አኮቦ ሚኒራልስ አክሲዮኑ በኦስሎ ገበያ ይሸጣል። በአንጻሩ ባህላዊው ወርቅ አምራች ጂኦሎጂ አያውቅም፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ቋጥኙን ይቀጠቅጣል፣ በገበቴ ያጥባል።

ዲማ በአስተዳደር የጋምቤላ ናት፤ የኑሮ ደጇ ግን ሚዛን ነው። ከአዲስ አበባ የሚላክላት ብዙው ጎጀብን ተሻግሮ፣ በቦንጋና በጨና አልፎ ይደርሳል። የወርቅ ቦታ ሲደምቅ በመንገዱ ላይ ያለችው ቦንጋም ትደምቃለች። የጎማ ጠጋኙ፣ የምግብ ቤቱ፣ የአልጋ ቤቱ ሥራ ይጨምራል። መናኸሪያው ላይ የሚዛን ረዳት ገና ጎህ ሳይቀድ ይጮኻል። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ የቆላው ዋጋ ወዲያው ይሰማል፤ ጤፉም ዘይቱም ሳሙናውም ይወደዳል፤ አምራቹ ከወርቁ የሚያገኘው እዚያው ምግብ ላይ ያልቃል። ከምሥራቅ በኩል ደግሞ በዳውሮና በኮንታ የድንጋይ ከሰል ይወጣል፤ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ ይገባ የነበረውን ለመተካት ከባድ መኪና በየተራራው ይመላለሳል። ደቡብ ምዕራቡ የማዕድን አገር እየሆነ ነው።

ከጅማ እስከ ሚዛን ያለው 227 ኪሎ ሜትር በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር አስፋልት ሆኗል። ቀድሞ በጠጠር መንገድ በክረምት አንድ ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም ሌሊት የሚፈጅ ጉዞ ነበር። በዚያ መስመር ጭቃ ውስጥ ያደረ ሰው አስፋልቱን ሲያይ የሚሰማው ደስታ እውነተኛ ነው፤ በዚህ ላይ የሚያላግጥ ሰው ጭቃውን አያውቀውም።

ነገር ግን በካፋ መንገድን የሚገድለው ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። ቦንጋ በዓመት ከ1,700 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ደረቅ የሚባለው ወቅት አጭር ነው። ቀዩ አፈር ሲርስ ይለሰልሳል። ቦዩ በቅጠልና በደለል ከተደፈነ ውሃው መንገዱ ላይ ይወጣል፣ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል፤ አስፋልቱ ከላይ ደህና መስሎ ከሥሩ ይቦረቦራል። በዚህ ላይ ክብደት ይጨመራል። አሜሪካኖች ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ውስጥ ባደረጉት ትልቅ የመንገድ ሙከራ የተገኘው ሕግ አሁንም መሐንዲሶች ይጠቀሙበታል። የአንድ አክሰል ጭነት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በእጥፍ አይቆምም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ ከመጠን በላይ የጫነ አንድ የማዕድን ወይም የጣውላ መኪና ያፈረሰውን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሚኒባሶች አያፈርሱትም። ጥገናው የሚከፈለው ግን በ1989 ዓ.ም. በተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በኩል፣ ከነዳጅ ላይ ከሚቆረጠው ገንዘብ ነው። የሚኒባሱ ተሳፋሪም፣ ሞተር ብስክሌቱም፣ የእህል ወፍጮውም በናፍጣው ይከፍላሉ። የጭነት መመዘኛ ጣቢያ በሌለበት ወይም በማይሠራበት መስመር ድሃው የከባድ መኪናውን ዕዳ ይሸከማል ማለት ነው።

በሌላ አህጉር የደረሰ አንድ ነገር እዚህ ላይ ያስተምራል። በ1862 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ገዢው ጄምስ ዳግላስ ወደ ካሪቡ የወርቅ ወረዳ መንገድ ማስቆረጥ ጀመረ። ከፍሬዘር ወንዝ ገደል ላይ በእንጨትና በባሩድ እየተፈለፈለ ወደ 650 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ በ1865 እ.ኤ.አ. ባርከርቪል የተባለችው የወርቅ ከተማ ደረሰ። በጭነት ላይ ቀረጥ ተጣለ፤ በዚያ ገንዘብ ብድሩ ይከፈላል ተብሎ ታስቦ ነበር። በቀላሉ የሚታጠበው ወርቅ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አነሰ፤ ሰዉ ተበተነ፤ ዕዳው ቀረ። ቅኝ ግዛቷ በ1871 እ.ኤ.አ. ካናዳን ስትቀላቀል ካስገደዷት ምክንያቶች አንዱ ያ ዕዳ ነበር። ከጥንት ጀምሮ በዚያ ወንዝ ሸለቆ የኖሩት ነባር ሕዝቦች መንገዱን አልጠየቁም፤ መሬታቸውን ግን አጡበት። ዲማም ላይ የወንዝ ዳሩ ወርቅ አንድ ቀን ያንሳል። ያን ጊዜ መንገዱ የወርቅ ብቻ ከነበረ የሚጠግነው አይኖርም።

በካፋ ከወርቁ በፊት የነበረ፣ ወርቁም ካለቀ በኋላ የሚኖር ሀብት ቡናው ነው። መንገድ ለቡና ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት በገበያ ቀን አስፋልቱ ከእግር መንገድ ጋር በሚገናኝበት መታጠፊያ መቆም ይበቃል። ከቅርብ ቀበሌ የመጣው ሰው ቀይ እሸት ቡና በቅርጫት ይዟል፤ ለመፈልፈያው ሰብሳቢ ያስረክባል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከሩቅ የመጡት ሽማግሌ በበቅሎ የጫኑት ደርቋል።

«አባቴ፣ እሸት የለም?»

«ጀንፈል ነው ልጄ። እኛ ሩቅ ነን።»

ምክንያቱ የሽማግሌው ስንፍና አይደለም። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል፤ የታጠበ ቡና ሆኖ መሸጡ ይቀራል። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ያለ ገበሬ ቡናው ከጎረቤቱ ቢበልጥ እንኳ ማድረቅ ግዴታው ነው። የደረቀውንም የሚገዛው ብዙ ጊዜ በቅሎ ይዞ ደጁ የሚመጣ ደላላ ስለሆነ ዋጋ የሚቆርጠው ደላላው ነው። የሻይ ቅጠልም እንደዚሁ ነው፤ ዉሽዉሽ ያለው ፋብሪካ የተቀጠፈውን በዚያው ቀን ይፈልገዋል፤ በመሆኑም ሻይ መትከል የሚያዋጣው ለመኪና መንገድ ለቀረበ ሰው ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ፣ ሁለት ዓይነት ገበሬ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ የምትጓዘውም በዚያው የእግር መንገድ ነው። አስፋልቱ ላይ ከደረሰች አምቡላንስ ያገኛታል፤ ከባዱ እስከዚያ ያለው ነው።

መንገድ አይግባ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበው፣ የዓለም አረቢካ ቡና የዘር ግንድ የሆነው የዱር ቡና በማንኪራና በሌሎችም ጫካዎች ውስጥ ገና በሕይወት ስላለ ነው። ደኑ የቀረውም በከፊል መንገድ ስላልገባበት ነው። መንገድ ሲገባ ሞተር መጋዝ ይከተላል፣ ከሰል ይከተላል፣ የመሬት ጠያቂ ባለሀብት ይከተላል፤ በአስፋልቱ ዳርና ዳር የተመነጠረውን ማየት ይቻላል። እኔ ግን መደምደሚያውን አልቀበልም። ደኑን እስካሁን የጠበቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው፤ ቡናውን፣ ማሩንና ኮረሪማውን ከዛፉ ጥላ ሥር እያወጣ ስለሚኖርበት። ያ ምርት ገበያ ካልደረሰ ዛፉን ቆርጦ በቆሎ መዝራት ለገበሬው የተሻለ ስሌት ይሆናል። የሚያስፈልገው በጫካው መሐል የሚያቋርጥ ሰፊ ጎዳና ሳይሆን ጫካው ዳር የሚቆም፣ ለትንሽ መኪና የሚበቃ፣ በክረምት የማይዘጋ መንገድ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ተሞክሯል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት ታስቦ ነበር፤ ሕዝቡም በጉልበቱ ገብቶበታል። አገሪቱ በ1989 ዓ.ም. የነበራት 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ የመንገድ መረብ ከ100 ሺህ በላይ የደረሰው በእንዲህ ያሉ መንገዶች ጭምር ነው። ይሁን እንጂ በጥድፊያ የተቆረጡ ብዙ መንገዶች ድልድይ ሳይሠራላቸው ቀርተዋል፤ የተሠራላቸውም ጥገና አጥተዋል። እንደ ካፋ ባለ ዝናባማ አገር ከልቨርት የሌለው መንገድ ሁለት ክረምት አይዘልቅም። ወንዝ ላይ የሚቆም መንገድ ደግሞ በሪፖርት ላይ ኪሎ ሜትር ሆኖ ይቆጠራል እንጂ ቡና አያሻግርም።

አሁን ውሳኔው ወደ አካባቢው ቀርቧል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ቦንጋ ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆናለች፤ የመንገድ ቢሮው ከቀበሌዎቹ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አይርቅም። የማዕድን ሕጉ ትልልቅ ባለፈቃዶች ለአካባቢው ኅብረተሰብ ልማት እንዲያዋጡ ያስገድዳል። ያ መዋጮ ቆፋሪው በተቀመጠበት ወረዳ ብቻ ሳይሆን መኪናው በሚያልፍበት መስመር ላሉ ወረዳዎችም ሊደርስ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ አስፋልቱ የሚፈርሰው እነርሱ ደጅ ላይ ነውና። ከጎጀብ እስከ ሚዛን ባለው መንገድ ሌት ተቀን የሚሠራ የጭነት መመዘኛ ጣቢያ፣ ከመጠን በላይ ከጫነው የሚሰበሰበው ቅጣትም ለመጋቢ መንገዶች ጥገና የሚውልበት ደንብ ያስፈልጋል። ጨታ፣ ቢጣ፣ ሳይለም፣ ጠሎ፣ አዲዮ፤ በእያንዳንዱ ወረዳ ውሃ የበላው መሻገሪያ የትኛው እንደሆነ ነዋሪው ያውቃል፤ ለማጥናት አማካሪ ድርጅት አይጠይቅም። የሚቀጥለው የክልሉ በጀት ሲጸድቅ መጀመሪያ የምፈልገው የእነዚህን መሻገሪያዎች ዝርዝር ነው፤ የትኛው በዚህ በጋ ከልቨርት እንደሚቀበርለት፣ ግሬደሩም ለየትኛው ወረዳ በየትኛው ወር እንደተመደበ ተጽፎ።